ከሞጆ የተላከው የቡና ደብዳቤ

ጡረታ የወጣሁት በአፍንጫዬ ምክንያት ነው። ሰው ወገቤን፣ ዓይኔን፣ ጉልበቴን ብሎ ይወጣል፤ እኔ አፍንጫዬን ብዬ ስወጣ የሰው ኃይል ክፍሉ ልጅ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። አልፈረድኩበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ሐዋሳ ውስጥ ቡና ቀማሽ ሆኜ ስሠራ፣ እንጀራዬን የምበላው በምላሴ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። ምላስ ጨውና ስኳሩን፣ መራራና ኮምጣጣውን ከመለየት አያልፍም። ቡናን የሚያውቀው አፍንጫ ነው።

ያ አፍንጫ በኮሮና ጊዜ ሄደ። ትኩሳቱም ለቀቀኝ፣ ሳሉም ለቀቀኝ፤ ሽታው ግን እንደወጣ ቀረ። ያወቅኩት ደግሞ በሽሮ ነው። ሽሮ ጥጄ ቴሌቪዥን እያየሁ ጎረቤቴ በሩን በርግዳ ገባች፤ «ጥሩዬ! ቤቱ ሊነድብሽ እኮ ነው!» ብላ ስትጮህ ድስቱ ከስሏል። እኔ ከድስቱ አጠገብ ነበርኩ። ሥራ ተመልሼ ማንኪያውን አንስቼ ሳብ ባደርግ የቀመስኩት ሙቅ ውሃ ነው። ከይርጋለም የመጣውም፣ ከበንሳ የመጣውም፣ ሻጋታ የያዘውም፣ ሁሉም ሙቅ ውሃ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበርና «ግዴለም፣ ወረቀቱን ያዢልን» አለኝ። እምቢ አልኩ። ዘፋኝ ድምፁ ሲዘጋ ትኬት ቁረጥ አይባልም።

አባቴ ከወሎ ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ስለነበር ያደግኩት እዚያው ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቅምሻ ክፍል ስቀጠር ሥራዬ ሲኒ ማጠብና የናሙና ቡና መቁላት ነበር። ደመወዙ አያኮራም፤ እናቴ ግን «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ስትል አፏ ሞልቶ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ሲኒዎች ይደረደራሉ፤ ለስለስ ተደርጎ የተቆላው ቡና ሸካራ ሆኖ ይፈጭና የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቅርፊት ይሠራል። ቀማሹ አፍንጫውን ከሲኒው አፍ ላይ አድርጎ ቅርፊቱን በማንኪያ ጀርባ ይሰብረዋል። ያኔ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ናት ዋናዋ፤ እሷ ካመለጠች ከቡናው ጋር መተዋወቂያው አለፈ ማለት ነው። ከዚያ በማንኪያ እየሳቡ መቅመስ፣ እስኪያፏጭ ድረስ፤ ከዚያ መትፋት።

በመትፋቱ ነገር አንድ አለቃ አስቸግሮን ነበር። ስብሰባና ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው። ከላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ መትፊያዎቹን በሙሉ አስነሥቶ፣ «በእንግዳ ፊት አይተፋም፣ ነውር ነው» ብሎ አዘዘ። እኛም ትእዛዝ አክባሪ ነንና ቀኑን ሙሉ የቀመስነውን ስንውጥ ዋልን። ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እንቅልፍ በዓይናችን እንዳልዞረ የምናውቀው እኛና ትዳራችን ነን። አለቃው ራሱ ለእንግዳው ክብር ሲል ሁለት ዙር ቀምሶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቢሮው ገባ፤ በማግስቱ መትፊያዎቹ በክብር ተመለሱ።

ያን ዕለት ያልሳቁት ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ ነበሩ። የክፍሉ አንጋፋ ቀማሽ እሳቸው ናቸው፤ የአለታ ወንዶ ገጠር ሰው፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሁላችንም ቀድመው ይገቡና መስኮቱን ከፍተው ክፍሉን ያናፍሳሉ። በሥራ ቀን ሽንኩርት አይቀምሱም፣ ሽታ ባለው ሳሙና አይታጠቡም፤ አንዷ ባልደረባችን ሽቶ ተቀብታ ስትመጣ ምንም ሳይሏት ወንበራቸውን ይዘው ወጥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለተኛ አልደገመችውም። ጆንያ ሲፈታ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። የበሽተኛ ግንባር የሚዳስሱ ነበር የሚመስሉት። ሲቀምሱም ሌላው ሰው ሁሉ ጽፎ ሳይጨርስ ቃል አይተነፍሱም። «የእኔን ቃል ከሰማሽ በእኔ አፍ ነው የምትቀምሺው» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በሲኒው ውስጥ ሰው ማየታቸው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ የራሱን ቡና ይዞ መጣ። ቡናው ደረጃው ዝቅ ይላል ተባለና ሰውዬው ተቆጥቶ ቅምሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

«ከጎረቤቴ ጋር አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት መሬት! የእኔ ምን ጎደለው?»

ጋሽ ዳንጊሶ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ቤትህ አራስ አለች እንዴ?» አሉት።

ሰውዬው ክው አለ። «አዎ… ባለቤቴ ወልዳለች። ማን ነገረዎት?»

«ቡናህ ነው የነገረኝ። ጀንፈሉን እቤት አስቀምጠኸው ቀንና ማታ እሳት ሲነድበት ከርሟል። ጭሱ ገብቶበታል። እንኳን ደስ አለህ፤ ደረጃው ግን ይወርዳል።»

ገበሬው የሚቆጣው ጠፍቶት ሳቀና እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። ጀንፈል ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ገበሬው ገና ሳይፈለፍል የሚያስቀምጠው። እኔ ሲኒ የያዘ እጄ እዚያው አየር ላይ ቀርቷል። ያን ጊዜ ነው «ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» ብዬ የጠየቅኳቸው።

«አባቴ» አሉ። «አባቴ ሳያየኝ አስተማረኝ። ቅዳሜ እቤት ነይ፣ ታነቢዋለሽ።»

ቤታቸው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ፣ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ሰው የሠርግ ፎቶውን በሚሰቅልበት ቦታ፣ በመስተዋት የተያዘ ወረቀት ተሰቅሏል። ጠርዙን ብል በልቶታል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፤ ከግርጌ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት አባታቸው አቶ ቃዊሶ ከሞጆ ለባለቤታቸው የላኩት ደብዳቤ ነው። አቶ ቃዊሶ የጎረቤቶቻቸውን ቡና በአደራ እየሰበሰቡ በበቅሎ ጭነው ሞጆ ባቡር ጣቢያ ድረስ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እሳቸው በሲዳሙ አፎ ተናገሩ፣ የጣቢያው ጸሐፊ በአማርኛ ጻፈ፣ አገር ቤት ደግሞ አንድ ደብተራ መልሶ በሲዳሙ አፎ ለሚስትየው አነበበላቸው። አንዲት ቃል እንዲህ ተገላብጣ ሳትፈስ መድረሷ ራሱ ገርሞኛል። እንዲህ ይላል፤

«ይድረስ ለቤቴ እመቤት ለዱካሜ። እንደምን ከርመሻል። እኔም በቅሎዎቹም ደኅና ነን፤ አንዲቱ ብቻ እግሯን ታማለች። በሐይቁ ዳር ባደርንበት ቦታ ጉማሬ ወጥቶ በቅሎዎቹን አስደነበራቸው፤ ጭነት ውሃ ገባ፤ ለቅመን አወጣን። ሞጆ ደረስን። ነገር ግን ገበያ የለም። ግሪኩ መጋዘኑን ዘግቷል፤ ዓረቡም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ቡናው ሁሉ ጣቢያው ላይ ተቆልሎ ገዢ አጥቷል። ባሕር ማዶ ችግር ገብቷል፣ ፋብሪካው ቆሟል፣ ሰዉ ቡና መግዛት ትቷል ይላሉ። ብሩም ረክሷል። የበቅሎው ኪራይ ከቡናው ዋጋ በለጠ። ባዶ እጄን ተመልሼ የሰው ፊት አላይም፤ እዚሁ ጭነት እያወረድኩ ገበያውን እጠብቃለሁ። አንቺ ግን ጎረቤት ቡናውን ይዞ ሲመጣ አትመልሺ፤ አምኖን ነው። አትፈልፍዪው። ቡና በልብሱ ይተኛል፣ ሲራቆት ይሞታል። የእያንዳንዱን በየቅርጫቱ ለይተሽ አስቀምጪ። ከመሬት አንሺው፣ ከጭስ አርቂው፣ ከከብት አርቂው። በሆድሽ ያለው ወንድ ከሆነ ዳንጊሶ በይው።»

አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የያዘኝ ሐይቁ ነው። አቶ ቃዊሶ በቅሎ ያሳደሩበት ዳርቻ ዛሬ ሐይቅ ዳር የምንለው ሰፈር ነው፤ ሆቴሉ፣ ዓሣ ቤቱ፣ ሙሽራ ፎቶ የሚነሣበት። ያኔ ሐዋሳ የሚባል ከተማ የለም። ሰውና በቅሎ፣ ጉማሬና ጨለማ ብቻ። ቀጥሎ ደግሞ የመጣብኝ፣ ትምህርት ቤት ስለዚያ ዘመን የተማርነው ሁሉ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መሆኑ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ፋብሪካ ቆሞ አለታ ወንዶ ላይ የአንዲት ሴት ምድጃ ጠፋ ብሎ የነገረኝ አስተማሪ የለም፤ አባቴን ጨምሮ።

ምድጃው በእርግጥ ጠፍቷል። ቤተሰቡ እንደሚያወራው ዱካሜ ያለቻቸው ቤት አንድ ናት። በዚያች ቤት ሰውም ከብትም እሳትም አብረው ያድራሉ፤ የአገሩ ወግ እንዲህ ነው። ደብዳቤው ደግሞ ከጭስ አርቂው፣ ከከብት አርቂው ይላል። ስለዚህ ምድጃውን አጠፉ፤ ከብቶቹንና ልጆቹን ይዘው እንሰቱ መካከል በቀለሱት ዳስ ገቡ፤ ቤቱን ለጎረቤት ቡና ለቀቁ። ጋሽ ዳንጊሶ የተወለዱት ዳሱ ውስጥ ነው። ሁለት ክረምት እንደዚያ አለፈ። ከዚያ ገበያው ትንሽ ቀና ሲል አቶ ቃዊሶ ተመልሰው ቡናውን አስፈልፍለው ሞጆ ወሰዱት። ዓረቡ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ «ጭስ የሌለበት፣ ሻጋታ የሌለበት! ይህን የት ደብቀኸው ነው?» ብሎ ሁሉንም ተቀበላቸው። አደራ የሰጠ ጎረቤት ሁሉ የድርሻውን አገኘ። አቶ ቃዊሶ እስኪሞቱ ድረስ በአገሩ ስማቸው «ቡናውን ያዳነው» ነበር።

ጋሽ ዳንጊሶ ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። መስኮት መክፈታቸው፣ ሽንኩርት መተዋቸው፣ ሽቶ ሲሸታቸው ወንበር ይዘው መውጣታቸው፣ ሁሉም «ከጭስ አርቂው» ከምትለው ቃል የወጣ ነው። እኔም ከእሳቸው ወረስኩ። በየዓመቱ ለፍቼ በዓል ቤተሰቡ ጉዱማሌ ደርሶ ሲመለስ ደብዳቤው ከግድግዳ ወርዶ ይነበባል፤ እኔም እጠራለሁ። ሲያልቅ ትልቁም ትንሹም «አባታችን ጥበበኛ ነበሩ» ይላል፤ ለእናትየውም «መታዘዝ እንዲህ ነው» ይባልና ወደ ምግቡ ይኬዳል።

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ፍቼ ሩት ጣጣ አመጣች። ሩት የጋሽ ዳንጊሶ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ባንክ ትሠራለች፤ አባቷን ስለምትወዳቸው ትነዘንዛቸዋለች። ደብዳቤው ተነብቦ ሲያበቃ፣ «አባዬ፣ እውነት ግን በዚያ ዝናብ አገር ቡና ሁለት ክረምት ተቀምጦ ሻጋታ አይነካውም? አያቴ ትንሽ ጨምረው ይሆናል እኮ፤ ነጋዴ ናቸው» አለች።

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ዳንጊሶ ግን ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«አባቴ ዋሽቷል ነው የምትዪው?»

«ኧረ አባዬ፣ እንዲያው ለጨዋታ…»

«ደብዳቤው ያለውን እናደርጋለን» አሉ። «እዚያው ቤት፣ በዚያው ዓይነት ቅርጫት፣ ሁለት ክረምት። ከዚያ እቀምሰዋለሁ።» ዘጠና ዓመት አካባቢ ያሉ ሰው ናቸው። ሁለት ክረምት እኖራለሁ ወይ የሚለውን አልጠየቁም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይታያል። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት፣ ሥራቸውን የተማሩበት ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ነው።

አለታ ወንዶ የድሮው ቤት ቦታ ላይ የወንድማቸው ልጅ ይኖራል። በአያቱ ቤት አምሳል የቀርከሃ ቤት ሠርቶ ለእንግዳ ያስቀመጠው አለ፤ እሳት አልነደደበትም። አዲስ የደረቀ ጀንፈል ገዝተን፣ በቅርጫት አድርገን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ደረደርን። እኔ አፍንጫ ባይኖረኝም ጭንቅላት አለኝና «ጋሼ፣ እርጥበቱስ? በየጊዜው ቢታይ አይሻልም?» አልኩ።

«ደብዳቤው ስለ እርጥበት ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያው እኛም ምንም አንልም። አባቴ ያላለውን አልጨምርም፤ ያለውን አልቀንስም።» ለወንድማቸው ልጅም፣ «አደራ፣ በሩን እንዳትከፍተው» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። አብሬያቸው ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰማይ ቢደፋ ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ አውቃለሁ።

ሁለቱ ክረምት አለፈ። እሳቸው ከዘራ ጨመሩ፤ እኔ ሽታ የሌለው ኑሮ ለመድኩ። የሰው ፊት ማየት አበዛሁ፤ ወተት መበላሸቱን ከጎረቤቴ ቅንድብ አውቃለሁ። ሁለተኛው ክረምት በወጣ በመስከረም ሩት በመኪናዋ ወሰደችን። የወንድማቸው ልጅ በር ላይ ቆሞ «ዳኤ ቡሹ» እያለ ተቀበለን። ጋሽ ዳንጊሶ ውሃም ሳይጠጡ ቁልፉን አወጡ።

የመጀመሪያው ቅርጫት ክዳን ሲነሣ እኔ ምንም አልሸተተኝም። ያየሁት የጋሽ ዳንጊሶን ፊት ነው። አፍንጫቸው ትንሽ ተነፋች፤ ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ፤ ከዚያ ጉንጫቸው ወረደ። እጃቸውን እንደ ድሮው እስከ ክርናቸው ከተው ሲያወጡት አረንጓዴና ነጭ አቧራ ተከትሎ ወጣ። ሁለተኛውን ከፈትን። ሦስተኛውንም። ሁሉም ተያይዞ ደርቆ፣ ከውስጥ ሻግቷል። አንዱን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ወዲያው ተፉት። መቁላትም መፍላትም አላስፈለገውም።

«ከጎረቤት ጀንፈል አምጣልኝ» አሉ። የወንድማቸው ልጅ ሮጦ ከአንዱ ቤት፣ ምድጃ አጠገብ ከከረመ ጀንፈል አንድ እፍኝ አመጣ። አሸተቱት፤ ነከሱት። «ጭስ ጭስ ይላል። ግን ደኅና ነው፤ ደርቋል። እሳቱ አድርቆታል።» ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ የተበላሸ ቡና አይቻለሁ። ሙሉ መኪና ተመልሶ ነጋዴ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እንደዚያ ዕለት የከፋ ግን አላየሁም። ሩት ማንም ሳይናገራት ማልቀስ ጀምራለች።

«እሳት ካለ ጭስ ይገባዋል፣ እሳት ከሌለ ይሻግታል» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «ታዲያ ዓረቡ የገዛው ንጹሕ ቡና ከየት መጣ? አባቴ ዋሽቷላ።»

«ጋሼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ድርሻውን ማግኘቱን አገር ያውቃል፤ ያ ውሸት አይሆንም» አልኩ። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ ላጽናናቸው? እኔም ያደግኩበትን ቃል ነው መሬት ላይ ያየሁት።

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ደመና መጣ። በአጥሩ ማዶ ጎረቤት ቡናዋን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥታ ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጣል ስትል ሴትዮዋ ከቤት ተፈናጥራ ወጣች፤ ልጅ በጀርባዋ አዝላለች፤ ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። ቡናውን እያፈሰች ቅርጫት ትሞላለች፣ ይዛ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች። ጋሽ ዳንጊሶ ያዩዋታል። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እናቴ ዝናብ ሲመጣ ትሮጥ ነበር» አሉ።

«እንዴት?» አለች ሩት።

«ትሮጥ ነበር! ትልቅ ሴት ሆና፣ ምንም የተሰጣ ነገር ሳይኖረን። ሰማይ ሲጠቁር ከተቀመጠችበት ትነሣለች። ለቅሶ ቤት ሆና ትነሣለች። ጸሎት ቤት ስብከት አቋርጣ ትወጣለች፤ ውጭ ቆማ ሰማይ አይታ፣ ምንም እንደሌለ ሲገባት ተመልሳ ትቀመጣለች። እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። አባቴም ይስቅባት ነበር። የዝናብ በሽታ አለባት እንላለን።» በእጃቸው ወደ ሴትዮዋ ጠቆሙ። «ቡናውን ታወጣው ነበር። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ታወጣዋለች፣ ደመና በመጣ ቁጥር ታስገባዋለች። ሁለት ክረምት ሙሉ። የጎረቤቱን ሁሉ ቅርጫት፣ አንዱን ካንዱ ሳትቀላቅል። ማንም አላዘዛትም። ደብዳቤው ላይ የለም።»

ዝናቡ ወረደብን፤ ማንም አልተነሣም።

«እኔ እኮ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «ሁሉንም አይቻለሁ። እዚያው ጀርባዋ ላይ ሆኜ። እሷም አልተናገረች፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ አባቴን ሳመሰግን ኖርኩ።»

እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን መናገር ይከብደኛል። ሐዘን ነው እንዳልል ሐዘን ብቻ አልነበረም። የቡና ሥራ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ለናሙና የምትሆን እፍኝ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ እያሽከረከርኩ ስንት ዓመት። ያቺ ሴት ቤቷን ለሰው ቡና ለቃ፣ አራስ ሆና፣ ዳስ ውስጥ እያደረች፣ በእያንዳንዷ ደመና ሥር ሮጣለች። የአገር ንግድ በባቡር ጣቢያ፣ በግሪክና በዓረብ መጋዘን የቆመ ይመስለን ነበር።

ያን ዕለት እዚያው አደርን። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ሩት ወደ ሐዋሳ ለመመለስ መኪናዋን ስታስነሣ ጋሽ ዳንጊሶ «አጥፊው። ቡናው ይውጣ» አሉ።

«አባዬ፣ የሻገተ እኮ ነው። ምን ያደርጋል?»

«ይውጣ አልኩ።»

አወጣነው። ሰሌን አንጥፈን፣ ቅርጫት በቅርጫት፣ አንዱን ካንዱ ሳንቀላቅል አሰጣን። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ከፊታቸው ያለውን በእጃቸው ያገላብጣሉ፤ እኔና ሩት ሌላውን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረፋዱ ላይ ደመና መጣ፤ አፍሰን አስገባን። ደመናው ሳይዘንብ አለፈ፤ መልሰን አወጣን። ምሳ ልንበላ ስንል ሌላ መጣ፤ እንደገና አፍሰን አስገባን። የሩት ጥፍር ተሰበረ፤ እኔ ወገቤን መያዝ ጀመርኩ። የወንድማቸው ልጅ «ተዉት፣ እኔ ላድርገው» ቢል ጋሽ ዳንጊሶ በከዘራ አባረሩት። ለማንም የማይሸጥ፣ ማንም የማይጠጣው ቡና ነው። ከሰዓት በኋላ እንደገና አወጣነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለመጨረሻ ጊዜ አስገባን። የመጨረሻውን ቅርጫት እኔና ሩት ሁለት ሆነን ነው ያነሣነው። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ እጃቸው ጠቁሮ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ የተቆለሉትን ቅርጫቶች ያያሉ።

«በቃ ጋሼ፣ አለቀ። ደከመዎት» አልኳቸው።

«ለእኛ አለቀ» አሉ። «ለእሷ ነገም ነበረ።»